ስለ ኮሶ፣ ስለ አብሽና ስለ ሐኪም ኪኒን

ለዚህ ዓመት መጽሔታችን ጽሑፍ አምጡ በተባልን ጊዜ ስለ ሩዝ እርሻ ልጽፍ አስቤ ነበር። የፎገራ ልጅ ስለ ሩዝ ቢጽፍ የሚደነቅ የለምና ነገሩ ቀላል መስሎ ታየኝ። ነገር ግን ባለፈው የፍልሰታ ጾም በቤታችን የደረሰው ነገር ከልቤ ሊወጣ ስላልቻለ፣ ሩዙን ለሌላ ጓደኛዬ ትቼ ስለ አገር መድኃኒት ለመጻፍ ቆረጥሁ። ይህንንም የምጽፈው የአባቶቻችንን ጥበብ ለማንቋሸሽ አይደለም። እንዲያውም አባቶቻችን መድኃኒትን ይፈሩ ነበር፤ መፍራቱን የረሳነው እኛ ነን እላለሁ።

አያቴ የሚኖሩት ከወረታ ወጣ ብሎ በጉማራ ወንዝ አቅጣጫ ነው። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆኗል። ጠዋት ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ኪኒን ይውጣሉ፤ ማታ ደግሞ ሜትፎርሚን ይጨምራሉ። ከፍልሰታ በፊት አንድ ዘመዳችን ከከተማ ሲመጣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በጠርሙስ ይዞላቸው መጣ። ጠርሙሱ ላይ ማን እንዳዘጋጀው አልተጻፈም። ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለጉልበትና ለራስ ምታት እንደሚበጅ ግን ተጽፎአል፤ ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነም ምንም ጉዳት የለውም ይላል። ይህን ጽሑፍ ጮክ ብዬ ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። በዚያው ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን አብሽ ለስኳር ፍቱን ነው ብለው ስለ መከሯቸው፣ ማታ ማታ የተወቀጠ አብሽ በውኃ ተዘፍዝፎ ያድርና ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጡት ጀመር። አብሹንም የምወቅጠው እኔው ነበርሁ።

ፍልሰታ ሲገባ አያቴ እንደ ወትሮው ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ እህል የማይቀምሱ ሆኑ። የንስሐ አባታቸው ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚላላ ቢነግሯቸውም አልሰሙም። ኪኒኑን ግን ሐኪም ያዘዘው አይቀርም እያሉ ማለዳ በአብሽ ውኃ ይውጡት ነበር። አብሹስ ጾም አይሽርም ወይ ብላቸው፣ «ለመድኃኒት የጠጡት አይሽርም» አሉኝ። ይህችን ቃል አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

በስምንተኛው ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ አያቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በግቢው ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ ላብ አጠመቃቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔንም በሞተው አጎቴ ስም ጠሩኝ። የተሰበሰበው ሰው ከፊሉ ቡዳ ነው አለ፤ ከፊሉም ምች ነው ብሎ ዳማ ከሴ ሊቀጥፍ ሮጠ። እኔ ስለ ኢንሱሊን በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ የተማርሁት ትዝ ስላለኝና አያቴም ገና መዋጥ ይችሉ ስለ ነበር፣ ስኳር በውኃ በጥብጬ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣኋቸው። ከዚያም በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ጣታቸው ተወግቶ ደማቸው ሲለካ 38 ሆኖ ተገኘ። ከ70 መውረድ የለበትም። እኛ ቤት ደግሞ ስኳር በሽታ ማለት ስኳር መብዛት ብቻ ነው ብለን ስለምናምን፣ ስኳር አንሶ ሰውን ሊገድል እንደሚችል ከቶ አስበን አናውቅም ነበር።

ጤና መኮንኑ ግሉኮስ በደም ሥራቸው ከሰጣቸው በኋላ፣ «እማማ፣ ከኪኒኑ ሌላ የወሰዱት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ኧረ ምንም የለ ልጄ» አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜአለሁ፤ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ታላቅን በሰው ፊት ማስተባበል ነውር ነውና ዝም አልሁ። ሁለተኛ ጠየቃቸው፤ እንደ ፊተኛው መለሱ። በሦስተኛው ጊዜ አላስችል ብሎኝ አብሹንና ዘይቱን ተናገርሁ። አያቴ እጅግ ተቈጡ። «አንተ ልጅ! አብሽ መድኃኒት ነው እንዴ? ምግብ ነው እንጂ!» አሉኝ። ለጾሙ ሲሆን አብሹ መድኃኒት ነበር፤ ለሐኪሙ ሲሆን ምግብ ሆነ። ጤና መኮንኑ ሣቀና፣ በዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ እንደዚሁ እንደሚመልስ ነገረኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ግሊቤንክላሚድን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ብቻውን ይህን ሊያመጣ ይበቃ ነበር። ይህ ኪኒን ሰውዬው በላ አልበላ ሳይል ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ እያለ ያስገድዳል። አብሽም ስኳርን የማውረድ ኃይል አለው፤ ፍሬው ውስጥ ያለው አንድ ንጥረ ነገር ኢንሱሊንን ያነሣሣል፣ ልጋጉም ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፍበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ጥቁር አዝሙድም እንዲሁ ስኳርንም የደም ግፊትንም በመጠኑ እንደሚያወርድ በሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቶአል። እንግዲህ ሦስቱ በአንድ ቀንበር ተጠምደው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጎትቱ፣ አያቴ ደግሞ ምንም ሳይበሉ ሲቀሩ፣ የሆነው ሆነ። የሚገርመኝ ነገር አለ፤ አብሹ የማይሠራ ከንቱ ነገር ቢሆን ኖሮ የሚጨምረው ጉዳት አይኖርም ነበር። አደጋውን ያባባሰው የሚሠራ በመሆኑ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው የአያቴን ታላቅ ወንድም ስለ ድሮ መድኃኒት መጠየቅ የጀመርሁት። እርሳቸውም ገና አፌን ስከፍት «ኮሶ ጠጥተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም። ከክፍላችን ልጆችም የጠጣ አንድም አላገኘሁም። ቢሆንም የሆድ ትሉን ዛሬም ሁላችን የምንጠራው የኮሶ ትል ብለን ነው። በሽታው በመድኃኒቱ ስም ሲጠራ በሌላ አገር ይኑር አይኑር እንጃ፤ ኮሶ ግን በኢትዮጵያ ቤት ምን ያህል ሥር እንደ ነበረው ከዚህ ይታወቃል።

የፎገራ ሰው ከብቱ የታወቀ ነው፤ ጥሬ ሥጋም ይወዳል፤ ትሉም ከጥሬው የበሬ ሥጋ ይመጣል። የኮሶ ዛፍ ግን በሜዳችን አይበቅልም። ደገኛ ዛፍ ነው። አበባው ከጉና ተራራ ወገን ከደጋው ወደ ገበያ ይወርድ ነበር። አባባ እንደ ነገሩኝ፣ የሚፈለገው ቀዩ የሴቴዋ አበባ ነው፤ ደርቆ ይወቀጥና በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ሰዎች በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጡት ነበር። የጠጣ ሰው ያን ቀን ከቤት አይወጣም፣ እንግዳ አይቀበልም፣ ሥራም አይጠየቅም። ጎንደር በ1770 እ.ኤ.አ. የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ኮሶ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጽፎአል፤ ዛፉንም በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰይሞት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመትም የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ኮሶን ከአገራችን ያስመጡ ነበር።

እኔን ያስደነቀኝ ግን አባባ ስለ ጥንቃቄው የነገሩኝ ነው። ኮሶ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ያስወርዳልና። ለሕፃንና ለደካማ ሽማግሌ አይሰጥም። ከበሽታ ገና ለተነሣ ሰው አይሰጥም። የዘንድሮ አበባ ኃይለኛ ነው፤ የከረመው ይደክማል፤ ስለዚህ መጠኑን የምታውቅ ሴት ካልለካችው ማንም በገዛ እጁ ዘግኖ አይጠጣም። በጠጡበት ቀን ሌላ መድኃኒት አይደረብበትም። «ለምን አባባ?» ብላቸው፣ «ይገድላላ!» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ኮሶ ሲበዛ ሰው ይገድላል፤ ከመግደልም በታች ዓይንን ያጠፋል። በ1969 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በኮሶ መመረዝ ስለሚመጣ የዓይን ጉዳት የሐኪም ጽሑፍ ወጥቶአል። በኋላ ኒክሎሳማይድ የሚባለው የሚታኘክ ኪኒን፣ ከዚያም ፕራዚኳንቴል ሲመጡ ኮሶ ቀስ በቀስ ከቤታችን ወጣ።

እነዚያ ሴቶች ፊደል አልቈጠሩም ይሆናል፤ ነገር ግን የዛሬ ፋርማሲስት የሚጠይቀውን ሁሉ ይጠይቁ ነበር። አርግዘሻል ወይ? ታምመህ ነበር ወይ? ሌላ ምን ወስደሃል? መድኃኒቱስ መቼ የተለቀመ ነው? አያቴ ስለ ኮሶ ቢጠየቁ ይህን ሁሉ አሳምረው ይመልሱ ነበር። ለጥቁር አዝሙዱ ጠርሙስ ግን ማንም ይህን አልጠየቀም። ጠርሙሱ እንደ ኮሶ መራራ አይደለም፣ አያስቀምጥም፣ አያስተኛም፤ ስለዚህ የሚፈራው ጠፋ። ጥቁር አዝሙድና አብሽ በአካባቢያችን የሚበቅሉ የወጥ ቅመሞች መሆናቸውም አዘናጋን። በወጥ ውስጥ ቆንጠር ተደርጎ የሚበላውና በየቀኑ በማንኪያ ተለክቶ የሚጠጣው አንድ አይደለም።

አሁን ቅጠልና ኪኒን በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚጋጩ ላስረዳ። ስለዚህ ጉዳይ የሥነ ሕይወትና የኬሚስትሪ መምህሮቻችንን ደጋግሜ ስላስቸገርኋቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንዱን ዓይነት፣ ማለትም ሁለት ነገሮች አንድ ሥራ ደርበው የሚሠሩበትን፣ በአያቴ አይተናል። በወረታ የወፍጮ ቤት ወረፋ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ሁለተኛውን በቀላሉ ይረዳዋል። ጉበታችን እንደ ወፍጮ ቤት ነው። የምንውጠው ኪኒን አብዛኛው ወደ ጉበት ይሄድና ኢንዛይሞች ፈጭተው ያስወግዱታል። ሐኪም ኪኒኑን በቀን አንድ ጊዜ ወይም ሦስት ጊዜ ብሎ የሚያዘው ወፍጮው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚፈጭ አስቦ ነው። አሁን አንድ ሌላ ሰው አህያውን ጭኖ መጥቶ ወፍጮውን ቢይዝ የእኛ እህል ተራ ይጠብቃል። መድኃኒቱም እንዲሁ ሳይፈጭ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውዬውም ሳያውቀው እጥፍ የወሰደ ያህል ይሆናል። ጥቁር አዝሙድ ይህን የሚያደርግ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ የሳዑዲ ዐረቢያ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ጤነኞች ሰዎች የጥቁር አዝሙድ ዱቄት ለተወሰነ ቀን ወስደው ከዚያ የሳል መድኃኒት ሲሰጣቸው፣ መድኃኒቱን የሚፈጩት ሁለት ኢንዛይሞች ሥራቸው ቀንሶ ተገኝቶአል። በእነዚህ በሁለቱ ኢንዛይሞች የሚፈጩት መድኃኒቶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ የልብና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም ከእነርሱ መካከል አሉ።

የዚህም ተቃራኒ አለ። አንዳንዱ ተክል ወፍጮውን ያፈጥነዋል። አውሮፓውያን የቅዱስ ዮሐንስ ቅጠል የሚሉት፣ ሃይፔሪከም የሚባል ቢጫ አበባ ያለው ተክል አለ፤ ለኀዘንና ለጭንቀት ይወስዱታል። በ2000 እ.ኤ.አ. ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ሁለት ነገር ተጻፈ። አንደኛው፣ ይህን ተክል የወሰዱ ሰዎች ኢንዲናቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በደማቸው ውስጥ ከግማሽ በላይ መቀነሱ ነው። ሁለተኛው በዙሪክ ከተማ የሰው ልብ ስለ ተተከለላቸው ሁለት ሕመምተኞች ነው። ሰውነታቸው አዲሱን ልብ እንዳይጠላው የሚወስዱት መድኃኒት በዚህ ተክል ምክንያት ቶሎ ቶሎ እየተፈጨ ስላለቀ፣ ሰውነታቸው ልቡን ሊጥለው ተነሣ። እስቲ አስቡት፤ ያን ያህል የረቀቀ ቀዶ ሕክምና በአንድ አበባ ሊበላሽ ነበር።

ሦስተኛው ቀላል ነው። የተዘፈዘፈ አብሽ እንዴት እንደሚለጋግ እናቶቻችን ያውቁታል። ኪኒን በዚያ ልጋግ ተጠቅልሎ በአንጀት ሲያልፍ ወደ ደም የሚገባው ይዘገያል ወይም ያንሳል። አያቴ ኪኒኑን በአብሽ ውኃ መዋጣቸው እንግዲህ በሁለት በኩል ስሕተት ነበር።

ሌሎችንም በአጭሩ ላንሣ። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ነጭ ሽንኩርትን ወይም ዝንጅብልን እንደ መድኃኒት አብዝቶ ቢወስድ መድማት ሊያስከትልበት ይችላል፤ አብሽም ከዚሁ ይቈጠራል። ጤና አዳም በቡና ላይ ጣል ተደርጎ ሲጠጣ ደስ ይላል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ቅጠሉን ጨምቃ መጠጣት የለባትም፣ ማሕፀንን ያኮማትራልና። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ይህንንስ አንድ የክፍላችን ልጅ በክንዱ አይቶታል።

ስለ ወባ ሳልናገር ባልፍ የፎገራ ሰው አይደለህም እባላለሁ። ክረምት ወጥቶ የርብና የጉማራ ውኃ ሜዳው ላይ ሲተኛ ወባ ይነሣል። የምንውጠው ኮአርተም የተባለው ኪኒን አንዱ ክፍል የመጣው ከቻይና ተክል ነው፤ ተክሉም የእኛ የአሪቲና የጭቁኝ ወገን ነው። ይህን ያገኙት ቱ ዮዮ የሚባሉት ቻይናዊት በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ይህን የሰማ አንድ ወዳጄ፣ እንግዲያው ቅጠሉን አፍልተን ለምን አንጠጣም አለኝ። ጥያቄው መልካም ነው፤ እኔም አስቤው ነበር። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን እንደማይደግፍ አስታውቆአል። በሻይ ውስጥ ያለው መድኃኒት መጠኑ አይታወቅም፣ ብዙውን ጊዜም ያንሳል። ያነሰ መድኃኒት ደግሞ የወባውን ተውሳክ ሳይገድል ያለማምደዋል፤ ከዚያ በኋላ ኪኒኑም ላይሠራ ይችላል። በዚህ ነገር አንድ ቤት ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ትንኟ ከቤት ቤት ትዞራለችና መንደሩ ሁሉ ነው። ደግሞም ኮአርተም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ወደ ደም እንደሚገባ ብዙ ሰው አያውቅም። በባዶ ሆድ ይውጡትና መድኃኒቱ አልሠራም ብለው ወደ ቅጠል ይሄዳሉ።

አንዳንድ መምህር ይህን ሲያነብ፣ ልጁ ሁሉን ነገር በሕዝቡ ላይ ጣለው ይል ይሆናል። እንደዚያ አይደለም። አያቴ በስድስት ዓመት ውስጥ ኪኒናቸውን ሊወስዱ ብዙ ጊዜ ወደ ሕክምና ተመላልሰዋል፤ ከኪኒኑ ሌላ ምን ይጠቀማሉ ብሎ የጠየቃቸው ግን ያን ቀን ያገኘነው ጤና መኮንን የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በፊት በሌላ ቦታ አንድ ጊዜ ሳይጠየቁ አብሽ እጠጣለሁ ቢሉ፣ እንዲህ ያለውን የኋላ ቀር ነገር ተዉት ተብለው ተገሥጸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማንም ላለመናገር ወሰኑ። ሰው የተዘለፈበትን ነገር ይደብቃል እንጂ አይተውም። ዝምታው ደግሞ ከአብሹ የከፋ ነው፤ ሐኪሙ ስኳሩ ለምን እንደ ወረደ ሳያውቅ ኪኒኑን ሊቀያይር፣ ሳያስፈልግም ሊጨምር ይችላልና።

ጤና መኮንኑ አያቴን አልዘለፋቸውም። የጠርሙሱን ዘይት እንዲተዉ ነገራቸው፤ አብሹን በወጥ ውስጥ እንደ ድሮው ይብሉት፣ ለብቻው ዘፍዝፈው አይጠጡት አላቸው። ስለ ጾሙም፣ ኪኒን ከዋጡ መብላት ግድ መሆኑን ለንስሐ አባታቸው እንዲነግሩ እኔን ላከኝ። ሄጄ ነገርኋቸው፤ እርሳቸውም በማግስቱ ቤታችን ድረስ መጥተው አያቴን ገዘቷቸው። ከፍልሰታው የቀሩትን ቀናት አያቴ እያጉረመረሙ በማለዳ ሽሮ በልተዋል።

እኔም አንድ ሥራ ያዝሁ። በቀጠሮ ካርዳቸው ጀርባ ላይ ብጣሽ ወረቀት ለጥፌ የሚወስዱትን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ኪኒኑን ከነመጠኑ፣ ቅጠሉን፣ ዘይቱን፣ ጎረቤት ያመጣውን። ዘይቱ ተሠርዞአል። አብሽ «በወጥ ብቻ» ተብሎ ተጽፎአል። ባለፈው ወር ለቀጠሮ ስንሄድ አያቴ ወረቀቱን ራሳቸው ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡና ለነርሷ ሰጧት። በመንገድ ላይ ደግሞ ዳማ ከሴውን ረስተሃል ብለው ተቈጡኝ። ምች ሲመታቸው እንደሚጨምቁት ለካ አልጻፍሁም ነበር፤ ወረታ እንደ ደረስን እስክርቢቶ ተውሼ ጨመርሁት።